ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ይጨርስ

ጸጉሬ ብዙ አይደለም። ግንባሬ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየሸሸ አሁን የቀረኝ በጆሮዎቼ ዙሪያ ያለውና አናቴ ላይ የሳሳው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጸጉር ቤት ሲያማርጥ ያስቃል የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጸጉረ ብዙ ሰው የአስተካካዩ ስሕተት ይሸፈንለታል፤ የእኔ ግን ማሽኑ አንድ ጊዜ ካዳለጠ ወር ሙሉ ኮፍያ ያስደርገኛል። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ላለፉት 11 ዓመታት አንድ ቤት ብቻ ነው የምሄደው።

ቤቱ ስም የለውም፤ በሩ ላይ የነበረው ሰሌዳ ከወረደ በኋላ አልተመለሰም። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ የልብስ ሰፊዎቹን ተርታ እንዳለፉ በስተግራ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ደጃፉ ላይ ፎጣ የተሰጣበት ገመድ፣ ከፊት ለፊቱ ቡና የምታፈላ ሴት። ደርሳችኋል። ቀና ካላችሁ ጦሳ ይታያችኋል፤ ክረምት ከሆነ ግን እንኳን ተራራው ፎጣዎቹም ጉም ውስጥ ናቸው። እንዴት እንደሚደርቁ አላውቅም፤ የእርጥበት ሽታ ያለው ፎጣ ግን አንድም ቀን ፊቴ ላይ አርፎ አያውቅም።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፤ እጃቸው ግን ይህን አልሰማም። ገና ስትቀመጡ ጨርቁን ከማሰራቸው በፊት መዳፋቸውን አናታችሁ ላይ አሳርፈው ጥቂት ይቆያሉ፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምትለካ። አዲስ ደንበኛ ግራ ይጋባል። እኔም ተጋብቼ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ምላጩን ከወረቀቱ ፊታችሁ ያወጡታል፤ ለሁለት ሰብረው ግማሹን መያዣው ውስጥ ይከቱታል፣ ግማሹን ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጣሉ። የማሽኑን ጥርስ በአልኮል ጠርገው በእሳት ያሳልፉታል። መብራት ከጠፋ «አሁን ገና ጸጉር ልንቆርጥ ነው» ብለው መቀሱን ያነሳሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ከሕይወቴ ጥሩው ክርክም መብራት በጠፋበት ቀን የተቆረጥኩት ነው። ለጺም የሚሆነው ውኃ በፔርሙዝ የተዘጋጀ ነው፤ ፎጣው ውስጡ ተነክሮ ተጨምቆ ፊታችሁ ላይ ሲያርፍ የደሴ ብርድ ምን ያህል አጥንታችሁ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የምታውቁት።

ዋጋው ጸጉር 100 ብር፣ ጺም 60 ብር፣ ሁለቱም 150 ብር ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የ10 ብሯን ቅናሽ አስተውዬ አመስግኜ ነበር። ጋሼ ቅናሽ የሚል ቃል አይወዱም። «ጨርቁ አንድ ጊዜ ታስሯል፤ ሁለት ጊዜ ለማሰር ለምን አስከፍልሃለሁ?» አሉኝ።

ጉድለቱን ልናገር። የሚጠባበቁበት አግዳሚ ወንበር በቀኝ ጫፉ የወጣ ሚስማር አለው፤ ሁለት ሱሪ በልቶብኛል፣ ሦስት ጊዜም ተናግሬያለሁ። ከተላጨን በኋላ የሚቀባው ሽቶ ዓይን ያስለቅሳል። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል፤ ጋሼ የሉም ማለት ነው። ረዳታቸው ደግሞ በገብርኤል ቀን አይገባም፤ የወሩ 19 ዓርብ ላይ ከዋለ ዙሪያውን ብትሄዱ ይሻላል። ረዳቱ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከአንገት በስተኋላ ያለውን መስመር ግን ገና ቀጥ ማድረግ አልቻለም። ጋሼ ራሳቸው ዝግ ይላሉ። ቸኩላችሁ ከሆነ እዚህ አትግቡ። የሚቸኩል ሰው የሚሄድበት ቤት በየመንገዱ ሞልቷል።

እስካሁን ያልኩት ሌላም ቦታ ሊገኝ ይችላል። የማይገኘው የቤቱ ደንብ ነው።

ደንቡ የትም አልተጻፈም። ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ሲናገር አግዳሚው ላይ ያለው አያቋርጠውም። መልስ ያለው ሰው መልሱን ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ እሱም ጸጉሩ እስኪያልቅ ድረስ የፈለገውን ይናገራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አጠገቡ ያለው ይሰማል። የሚያቋርጥ ከተገኘ ጋሼ ማሽኑን ያጠፉታል። አይቆጡም፣ አይመክሩም። ማሽኑን አጥፍተው ይቆማሉ። ጸጥታው እስኪከብድ ድረስ ቆመው፣ መልሰው ያበሩታል። ስለ ቤት ኪራይም፣ ስለ እግር ኳስም፣ ስለ ጤፍ ዋጋም እንዲሁ ነው። ደንቡ የመጣው ግን ስለ ጤፍ አይደለም። የመጣበትን ቀን አውቃለሁ፤ እዚያ ነበርኩ፣ አፌንም ከፍቼ ነበር።

ነሐሴ 2013 ነው። ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞልቷት ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ክረምት ስለነበር መጠለያ ሆነዋል። በወሩ መጀመሪያ የክተት ጥሪ ከወጣ በኋላ ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ ልጆች ጸጉራቸውን ለማሳጠር ይመጣሉ፤ ጋሼ ከእነሱ ገንዘብ አይቀበሉም። ሬዲዮው ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰዎች ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ እኔ ሚስማሩ ላይ።

ወንበሩ ላይ የነበረው የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። እኩያዬ ስለሆነ አንተ እንባባላለን። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ አንደኛው ያን ጊዜ ወታደር ነበር። ዘበኝነቱ ከተፈናቃዮቹ ጋር አዋለው፤ ሌሊት ሌሊት የመማሪያ ክፍሎችን በር እየከፈተ ለሕፃናት ውኃ የሚያቀርበው እሱ ነበር። ግራው ተቆርጦ ቀኙ እንደ ጎፈረ ሬዲዮው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ለመስታወቱ የሚናገር መስሎ ቀስ ብሎ፦

«ይህ ነገር ሳይጀመር መቅረት ነበረበት። በሰኔ 2012 ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች መቀሌ ድረስ ሄደው ነበር። አንድ ጊዜ ሄደው እንቢ ቢባሉ ዐሥር ጊዜ መላክ ነበረባቸው። እኛ በአንድ ድንበር ጠብ እንኳ ስንት ጊዜ ነው ሽማግሌ የምንልከው?»

አግዳሚው ፈነዳ። አንዱ «ባንዳ!» አለው። ሌላው «ጁንታ እዚህም አለ እንዴ?» አለ። ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጣት ብድግ ብሎ ተነሣ።

እኔ አልተሳደብኩም። ተሳድቤ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ረጋ ብዬ፣ እንደ አስተዋይ ሰው፣ «ወንድሜ፣ ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ አሁን ግን ጊዜው አይደለም» አልኩት። ባንዳ ያለውን ሰው ችላ ብሎ ነበር። እኔን ግን በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

ይህን ጊዜ ነው ጋሼ ማሽኑን ያጠፉት። ሬዲዮውንም አጠፉት። «የዚህ ሰው ጸጉር ግማሽ ነው» አሉ። «ግማሽ ጸጉር ይዞ ከቤቴ አይወጣም፤ ግማሽ ቃልም ይዞ አይወጣም። እኔ እስክጨርስ እሱም ይጨርስ። ከዚያ ተራ የደረሰው ይቀመጥና ይናገር።»

ዘበኛውም ጨረሰ። ያለው እንዲህ ነው፦ ወጣቱ አይዝመት አላልኩም፤ ልጄ ራሱ እዚያው ነው። የምለው ማንም አልጠየቀኝም ነው። ልጁን የሰጠ ሰው «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ነውሩ ምንድን ነው? በግ ሲሸጥ እንኳ ገዥውና ሻጩ ይነጋገራሉ።

ቀጥሎ ተራው የባለ ቀይ ሹራቡ ነበር። ከቆቦ የመጣ ነው። ተቀመጠ፤ ጋሼ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ። ልጁ የተናገረውን አልረሳውም፤ እዚህ የማሰፍረውም ስሕተት ነው ብዬ ስለማላምን ነው። «እኔ ቤቴን ጥዬ ነው የመጣሁት። እናቴ በእግሯ ነው የመጣችው። ቤቴ ደጅ ላይ ለደረሰ ሰው ሽማግሌ እስክልክ ድረስ ማን ይጠብቀኛል? መጀመር አልነበረበትም ይበሉ፤ እሺ። አሁን ተጀምሯል። እኔ የማውቀው ከአሁን ወዲህ ያለውን ነው።» ዘበኛው ጸጉሩ ካለቀ በኋላ አልሄደም ነበር፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማው። አልተስማሙም። ልጁ ሲወጣ ግን ዘበኛው ቡና ከፈለለት፤ አቦሉን ጠጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ዘመተ።

ወደ ራሴ ቃል ልመለስ፤ ሂሳቤ ያልተዘጋው እዚያ ላይ ነው።

«ጊዜው አይደለም» ጨዋ አባባል ነው፤ ስድብም ዛቻም የለበትም። ደግሞ ልክ ያልሆነበት ቀን የለም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ቤት ገብቼ እንደ መዝገብ ወደ ኋላ ገለጥኩት። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ሲጀመር ጦርነት አልተባለም፤ ሕግ ማስከበር ነበር። ጦርነት ያልተባለን ነገር ጦርነት አልፈልግም ብሎ የሚቃወም ሰው ከምን ጋር ይከራከራል? ኅዳር 19 መቀሌ ተያዘች ሲባል «አልቋል፤ ምን ያጨቃጭቃል?» ሆነ። በነሐሴ ጠላት ደጅ ላይ ነው ተባለ፤ ነበርም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ያን ቀን እኛ ከደሴ ወጥተን ደብረ ብርሃን ነበርን። ልክ በዓመቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ደግሞ «ሰላም ሲወርድ ቁስል አትቆስቁስ» ተባለ። ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ፊርማው ሁለቱንም ጫፍ ይዤ ብቆጥር 730 ቀን ነው። ከ730ው ገጽ ላይ የዘበኛውን ጥያቄ የማስገባበት አንድ መስመር ፈለግኩ። አላገኘሁም።

እዚያው ቤት የሚላጭ አንድ ጠበቃ አለ፤ ጺሙ እንደ አንደበቱ ቶሎ የሚያድግ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆኖ ሕገ መንግሥቱን አስተማረን። አንቀጽ 29 ማንም ሰው የመሰለውን አመለካከት ለመያዝና ሐሳቡን ለመግለጽ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 9 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚቀርብለት የሕግ ረቂቅ መሠረት የጦርነት አዋጅ ያውጃል ይላል። ሬዲዮና አደባባይ ከመድረሱ በፊት ረቂቅ ሆኖ ቀርቦ ይመከርበታል ማለት ነው፤ ሰው እጁን አውጥቶ ይቃወም ዘንድ ቦታው ተሠርቷል። ጥሩ አልን። ከዚያ ጠበቃው ወደ አንቀጽ 93 ሄደ። በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉት ድንጋጌዎች ተዘርዝረዋል፤ 1፣ 18፣ 25፣ ከ39 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንኡስ አንቀጾች። 29 ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ስለዚህ» አለ ጠበቃው፣ ጉንጩ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ «ዝናብ ሲመጣ የሚታጠፍ ጃንጥላ ነው የያዝነው።»

ማንም አልመለሰለትም፤ ደንቡን ፈርተን ሳይሆን መልስ ስላልነበረን።

መስታወቱ አጠገብ አንድ የሚያረጅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ። ወጣቶቹ ጡጫውን ነው የሚያውቁት። ጋሼ ስለ ጡጫው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያወሩት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1967 ሂውስተን ውስጥ ስለሆነው ነው። ለውትድርና ተጠርቶ፣ ስሙ ሲጠራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመድ ተባለ፤ አልራመድም አለ። በዚያው ቀን የዓለም ሻምፒዮንነቱን መንጠቅ ጀመሩ። አምስት ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ተፈረደበት፤ ይግባኝ ስላለ ባይታሰርም ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቦክስ ቆየ፤ ከ25 ዓመቱ እስከ 28 ዓመቱ፣ የቦክሰኛ ማር ዕድሜ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 0 ፈረደለት።

ባለ ቀይ ሹራቡ ቆይቶ ተራው ሲደርስ ለዚህም መልስ ነበረው። «የእሱ ጦርነት ቬትናም ነበር» አለ። «ቬትናሞች ቤቱ አልመጡም። የእኔ ጦርነት ቆቦ ነበር።» ይህም ልክ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እኔ ሥዕሉን የሰቀልኩት እንደ እሱ ሁኑ ብዬ አይደለም» አሉ። «ያን ቀን ባንዳ ያሉት ሰዎች በኋላ ልጆቻቸውን በስሙ እንደ ጠሩ እንዳልረሳ ነው።»

ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ የወረኢሉ ሽማግሌ ናቸው። ለሐኪም ቤት ደሴ ሲመጡ ሁልጊዜ እዚህ ይላጫሉ። ስለ ክተት ወሬ ተነሥቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ «ክተትስ የእኛ ሀገር ነው» አሉ። አጤ ምኒልክ በመስከረም 1888 ለዓድዋ ሲያውጁ የሸዋን ሰው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ማለታቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ይዘውታል። ወስልቶ ለሚቀር ምሕረት እንደሌለ፣ ማርያምን ብለው እንደማሉበት፣ አማላጅም እንደማይሰሙ ሳያስቀሩ ነገሩን፤ ማስፈራሪያውን አልዘለሉትም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ ብለዋል። ጉልበት የሌለህስ? በሐዘን እርዳኝ ነው ያሉት።» ጋሼ ምላጩን አነሡ፤ ሽማግሌው ሲናገሩ ጉሮሯቸው ይንቀሳቀስ ስለነበር ነው። «በሐዘን! ንጉሡ ሐዘንንም ከጦሩ ቆጥረውታል። እኛ ምን ነካን? በቀደም ጎረቤቴ ዘፈኑን ትቶ ቢያለቅስ ሞራል ታወርዳለህ አሉት።»

ስለ ዓድዋ ብዙ ሰምቻለሁ፤ አዋጁንም በየዓመቱ በየካቲት ሲነበብ እሰማዋለሁ። በዚያች ቃል ላይ ግን ቆም ብዬ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ጦርነቱን ተቃወሙ ማለቴ አይደለም፤ አልተቃወሙም። ክተት በተባለ ቀን እንኳ ለሚያዝን ሰው ቦታ ነበረው ነው ያሉት። ዘበኛውም ያን ቀን የጠየቀው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ስለ መዳፉ የጠየቅኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሼ ሙያውን የተማሩት ውትድርና ላይ ነው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ባለው ውስጥ ነበሩ፤ ተወሰዱ። ማሠልጠኛ ሲደርሱ መቀስ ይዘህ ታውቃለህ ተባሉ፤ አባታቸው ልብስ ሰፊ ስለነበሩ አዎ አሉ። ከማለዳ እስከ ማታ የምልምል ራስ ሲላጩ ዋሉ።

«አንድም ሰው አልሄድም ሲል አልሰማሁም» አሉኝ። «ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሲዘፈን ይዘፍናል። እጄን አናቱ ላይ ሳሳርፍ ግን ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ ለውስጥ፤ ዓይን አያየውም፣ መዳፍ ነው የሚያውቀው። ያን ሁሉ ራስ ላጭቼ ስንቱ እንዳልፈለገ እኔ አውቅ ነበር። እንዲናገር የጠየቀው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

ከዚያ ዝም አሉና የማሽኑን ጥርስ በብሩሽ ይጠርጉ ጀመር።

ደሴ በኅዳር መጨረሻ 2014 ነጻ ስትወጣና እኛም በታኅሣሥ ስንመለስ ቤቱ ተከፍቶ አገኘነው። ማሽኖቹ የሉም፤ ከሦስቱ ወንበሮች ሁለቱ ተወስደዋል፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ሰሌዳው መሬት ላይ ነበር። ማን እንደወሰደው ያየ የለም። አግዳሚውን ግን ማንም አልፈለገውም፤ ሚስማሩን አይቶ ይሆናል። ጋሼ በአንድ ወንበርና በአንድ መቀስ ጀመሩ። አሁን ሁለት ወንበር አለ። መስታወቱ ግን አልተቀየረም፤ ስትላጩ ፊታችሁ ለሁለት ተከፍሎ ይታያችኋል፤ በሁለተኛው ቀን ትለምዱታላችሁ።

ከዐሥር ስምንት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ለሽቶው፣ አንዱን ለሚስማሩ ነው። ፖለቲካ የሚወራበት ቤት አልሄድም ለምትሉ ደግሞ ምክር አለኝ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፤ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ማክሰኞ ወሬ የለውም፣ ይተኛል። ልጆቻችሁን ብትወስዱም ጥሩ ነው፤ ጋሼ ለሕፃን ጸጉር ትዕግሥት አላቸው። ዝርዝር ብር ያዙ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ዘበኛው ወንበሩ ላይ ነው፤ ጺሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ወታደሩ ልጁ ከጻፈ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አያነሣም። አግዳሚው ላይ ከእኔ ቀጥሎ ባለ ቀይ ሹራቡ ተቀምጧል፤ በሹራቡ የምጠራው እኔ ነኝ እንጂ እሱ ከለበሰው ቆይቷል። ግራ ክንዱ አይታጠፍም። አሁን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔ ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት ወዲህ ስንት ጊዜ ያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ዘበኛውም ስንት ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደነበር አውቃለሁ። ጊዜው አይደለም ያልኩትን ቃል ግን አንድም ቀን አላነሣሁትም፤ ተራዬን ስለ ሚስማሩ እያማረርኩ ነው የምጨርሰው።

ባለ ቀይ ሹራቡ ልጅ ግን አልጠበቀም። ወደ መስታወቱ አንገቱን አስግጎ፣ «አባባ» አለ። «ያን ቀን ሽማግሌ ዐሥር ጊዜ ይላክ ያሉት…»

ጋሼ ማሽኑን አጠፉት።

ዘበኛው ዞር አላለም። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ልጁን አየውና፣ «ጸጉሬ ላይ ነኝ፤ ተራህን ጠብቅ» አለው።

ልጁ ሣቀ፤ ዘበኛውም ሣቀ። ጋሼ ብቻ አልሣቁም፤ ማሽኑን አበሩትና ቀጠሉ። እኔ ጺሜን ለረዳቱ ሰጥቼ ቀድሜ ስለጨረስኩ 60 ብሬን ከፍዬ ወጣሁ፤ እስከዚያ የልጁ ተራ አልደረሰም ነበር።